ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከዕለታዊው የኮቪድ መግለጫ የቱን ቁጥር ልመልከት? እናቴንስ በጠባብ ቤት እንዴት ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ነው። በየቀኑ የሚወጣውን የኮቪድ መግለጫ እከታተላለሁ። አንድ ቀን ቁጥሩ ይወጣል፣ በማግስቱ ይወርዳል፤ ሰፈራችን ውስጥ ግን ጉንፋን ያልያዘው ሰው የለም። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊቷ ኢናላፕሪል፣ ለስኳሯ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ ትወስዳለች። አስትራዜኒካ የተባለውን የኮቪድ ክትባት የወሰደችው አንዴ ብቻ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ አምስት ሆነን እንኖራለን፣ መጸዳጃ ቤቱ የግቢው የጋራ ነው። እኔ ሥራ የምመላለሰው በሚኒባስ ታክሲ ነው። ለገና ከአሜሪካ የመጡ ዘመዶቻችንም እስከ ጥምቀት ቤታችን መምጣታቸው አይቀርም። መግለጫውን እንዴት ልረዳው? አንዳችን ብንታመምስ ምን እናድርግ? (ጥያቄውም መልሱም የተጻፉት በጥር 2014 ዓ.ም. ነው፤ ዕለታዊው መግለጫ፣ የክትባቱ አሰጣጥና የለይቶ ማቆያው ደንብ የዚያን ጊዜ ናቸው።)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከመግለጫው ልጀምር። «ባለፉት 24 ሰዓታት» ብሎ የሚጀምረው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ የተመረመሩትን፣ ቫይረሱ የተገኘባቸውን፣ በጽኑ ሕክምና ላይ ያሉትን፣ ሕይወታቸው ያለፈውንና ያገገሙትን ይዘረዝራል። የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው ቫይረሱ በተገኘባቸው ሰዎች ቁጥር ላይ ነው። ያ ቁጥር ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ለምሳሌ ያህል ዓርብ 1,000 ሰው ተመርምሮ 60 ሰው ላይ ቢገኝ 6 ከመቶ ነው። እሑድ ብዙ ጣቢያ ስለሚዘጋ 200 ሰው ብቻ ተመርምሮ 50 ሰው ላይ ቢገኝ ቁጥሩ «ቀነሰ» ይባላል፤ በእርግጥ ግን ከተመረመሩት ከአራቱ አንዱ ተይዟል፣ 25 ከመቶ። ስለዚህ የተገኘባቸውን ለተመረመሩት ያካፍሉ። የሰባት ቀኑን ደምረው ቢያካፍሉ ደግሞ የቅዳሜና እሑዱ መዛነፍ ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመዘኛ ይህ መጠን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከ5 ከመቶ በታች ካልሆነ ስርጭቱ በቁጥጥር ሥር ነው አይባልም።

ይህም ስሌት ቢሆን ጉድለት አለው። ለጉዞ ሲሉ የሚመረመሩ ጤነኞች ከታማሚዎቹ ጋር አብረው ሲቆጠሩ መጠኑን ዝቅ ያደርጉታል። ቤቱ ተኝቶ ዳማከሴ እየጠጣ የሚያልፈው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ መዘግየቱ ነው። ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ፣ እስኪመረመርና ውጤቱ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ። ጽኑ ሕክምና የሚገቡት ከአንድ ሳምንት በላይ ቆይተው ነው፤ የሞት ቁጥር የሚታየው ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «የሞተ የለም» የሚለው መስመር የሚነግርዎ ስላለፈው ሁኔታ እንጂ ስለ ዛሬው አይደለም። መጠኑ ለሦስት ተከታታይ ቀን ሽቅብ ሲሄድ ካዩ፣ በዚያ ላይ በመሥሪያ ቤትዎና በዕድሩ ሳል ከበረከተ፣ እናትዎን ለመጠበቅ ሌላ ማስረጃ አይጠብቁ። ጥንቃቄውን የሚያላሉትም መጠኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ወርዶ ሲቆይ ብቻ ነው።

ጥንቃቄውን በተመለከተ፣ ብዙ ቤተሰብ ጉልበቱን የሚጨርሰው በረኪና ላይ ነው። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው ግን በትንፋሽ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። ስለዚህ በመጀመሪያ መስኮት ይከፈት። አንድ መስኮት ብቻ መክፈት አየሩን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም፤ ፊት ለፊት ያለውን በር ወይም ሌላ መስኮት አብረው ሲከፍቱ ግን አየሩ ገብቶ ይወጣል። እናትዎ «ነፋስ ይመታኛል» ማለታቸው አይቀርም። ጋቢ ይደርቡላቸው፣ መቀመጫቸውንም ከነፋሱ መስመር ፈቀቅ ያድርጉ፤ መስኮቱን ግን አይዝጉ። ሌሊት በሰፊው መክፈት ካልተቻለ በሩን ከመኝታ በፊትና ጠዋት ለ15 ደቂቃ ያህል ወለል አድርገው ይክፈቱ፣ ሌሊቱን አንዱ መስኮት ገርበብ ብሎ ይደር። ዕጣን ማጨስ ቫይረሱን አይገድልም፤ ሳል ያለበትን ሰው ሳንባ ግን ይቆጠቁጣል። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ይፈላ።

ታክሲ ውስጥም ያው ነው። ከመስኮት አጠገብ ይቀመጡ፣ ይክፈቱት፣ ከማዶ ያለውንም እንዲከፍቱት ሰው ይለምኑ። ማስክዎ አፍንጫዎን መሸፈን አለበት። የሰርጂካል ማስክ ጉድለቱ ጎንና ጎኑ ላይ ክፍት መሆኑ ነው። የላይኛውን ሽቦ በሁለት ጣት አፍንጫዎ ላይ ተጭነው ያጣብቁት፤ የጆሮውን ላስቲክ ከማስኩ ጥግ ላይ ቋጥረው የተረፈውን ጎን ወደ ውስጥ ቢያጥፉት ክፍተቱ ይጠብቃል። ሲተነፍሱ መነጽርዎ ጉም ከለበሰ ወይም ዓይንዎ ሥር ሞቃት አየር ከተሰማዎ እየሾለከ ነው። ኬኤን95 (KN95) የሚባለውን፣ ፊት ላይ ይበልጥ ገጥሞ የሚቀመጠውን ማስክ ካገኙ ለታክሲና ለለቅሶ ድንኳን ይጠቀሙበት። በወረቀት ከረጢት እያደረቁ ጥቂት ጊዜ ደጋግመው ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ከረጠበ፣ ከቆሸሸ ወይም ላስቲኩ ከላላ ግን ይጣል። ሰርጂካሉም ሆነ ኬኤን95ቱ አይታጠብም፤ ሳሙናና ውሃ የማጣራት አቅሙን ያጠፋዋል።

ከአሜሪካ የመጡትን ዘመዶችዎን በሚመለከት፣ ለጉዞ ያሠሩት ምርመራ የሚናገረው ናሙናው ስለተሰጠበት ሰዓት ብቻ ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ ወይም ከመጡ በኋላ የተያዘ ሰው ያ ወረቀት አያውቀውም። አሁን የተስፋፋው የቫይረሱ ዝርያ ኦሚክሮን ደግሞ ከተያዙ በሦስት ቀን ገደማ ምልክት ስለሚያሳይ፣ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎም ስለሚተላለፍ፣ ዛሬ ደኅና የነበረ እንግዳ ነገ ሊያስል ይችላል። ስለዚህ ጉሮሮውን የከረከረው እንግዳ ያን ቀን ባይመጣ ይሻላል፤ ይህን ቀድመው በስልክ ይንገሯቸው፣ አያፍሩ። የመጡትን ደጅ ላይ ያስተናግዱ። በአንድ ማዕድ መቅረብና ጉርሻ ለጊዜው ይቅር፤ እንጀራው በየሰሃኑ ይቅረብ።

እናትዎ ታቦት ልሸኝ፣ ጃን ሜዳ ልሂድ ቢሉ ሜዳው ክፍት በመሆኑ ከቤት ውስጥ ግብዣ የተሻለ ነው። የሚያሰጋው የሕዝቡ መጨናነቅና በታጨቀ ታክሲ መመለሱ ነው። ከሰልፉ ዳር ላይ ሆነው ማስክ አድርገው ያሳልፉ፤ ጸበሉን ከጋራ ኩባያ ከመጠጣት በራሳቸው ጠርሙስ ይቅዱላቸው።

አሁን አንዳችሁ ብትታመሙ። ያሳለ፣ ያተኮሰው ወይም ጉሮሮው የከረከረው ሰው ውጤት እስኪመጣ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ይለይ። ሁለት ክፍል ስላላችሁ አንዱን ለታማሚው ይልቀቁ። የታመሙት እናትዎ ካልሆኑ እሳቸው ከታማሚው ጋር አንድ ክፍል እንዳያድሩ። ክፍል መልቀቅ ካልተቻለ ታማሚው መስኮቱ ሥር ይተኛ፣ ሌላው በተቻለ መጠን ራቅ ብሎ፣ ራስጌና ግርጌ ተገላብጠው ይተኙ። በመካከል የሚሰቀል መጋረጃ አየሩን አያግድም፤ እሱን ተማምነው ማስክ አይተዉ። አስታማሚው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ቢቻል ወጣትና ክትባቱን የጨረሰ፤ ሲገባ ሁለቱም ማስክ ያድርጉ። የጋራውን መጸዳጃ ቤት ታማሚው ማስክ አድርጎ ይጠቀም፣ ሲወጣ በሩን ክፍት ይተወው፣ ቀጣዩ ሰው ትንሽ ቆይቶ ይግባ።

በረኪናውን ለበር እጀታና ለመጸዳጃው ይጠቀሙበት። ጠርሙሱ ላይ 5 ከመቶ የሚል ከሆነ 20 ሚሊ ሊትሩን፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ፣ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ። ቆሻሻ የበረኪናውን ኃይል ስለሚውጠው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ። በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ፤ ያደረው ይደክማል። ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ በፍጹም አይቀላቅሉት። ሰሃንና ልብስ ለማጠብ ሳሙና ይበቃል።

ትኩሳትና ቁርጥማት ለአብዛኛው ሰው በእረፍት፣ በፈሳሽና በፓራሲታሞል ያልፋል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ከጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ስላለባቸው ደርበው እንዳይሰጡ ማሸጊያውን ያንብቡ። እናትዎ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ባይወስዱ ይሻላል፤ ግፊት ባለባቸውና ኢናላፕሪል በሚወስዱ ሰዎች ላይ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ፌጦውም ዝንጅብሉም ቢጠጣ ግድ የለም፤ ጉሮሮ ያለሰልሳል እንጂ ቫይረሱን አያጠፋም። በፈላ ድስት ላይ ተሸፍኖ መታጠን ግን ይቅር፤ ድስቱ ተደፍቶ የሚቃጠል ሰው አለ።

ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙትን ሁለት መድኃኒቶች አጥብቄ እቃወማለሁ። አዚትሮማይሲን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ኮቪድን አይነካም። ዴክሳሜታዞን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፣ ያተረፈው ግን ኦክስጅን ያስፈለጋቸውን ነው። በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ የተደረገው ሰፊ ጥናት ኦክስጅን ላላስፈለገው ሰው ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል። በእናትዎ ላይ ደግሞ ስኳሩን ያንረዋል።

የስኳር መድኃኒታቸው ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ሲታመሙ ስኳር በራሱ ከፍ ይላልና መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ ማቆም አይገባም። ግን ምግብ እምቢ ካሉ ግሊበንክላማይድ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። ካስታወካቸው ወይም ካስቀመጣቸው ደግሞ ሜትፎርሚኑንም ኢናላፕሪሉንም ለጊዜው ማቆም ሊያስፈልግ ይችላል። የዚያኑ ቀን ለሚከታተላቸው ሐኪም ይደውሉ። መለኪያ ካላችሁ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡና ግራ ከተጋቡ፣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጧቸውና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ ምንም ነገር በአፋቸው አይስጡ፤ ወደ ሐኪም ቤት ይሩጡ። ደጋግሞ ከ300 በላይ ካነበበም ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

በሽታው የሚከፋበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፋበት ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ነው። የመጀመሪያው ምልክት የታየበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጽፈው ይለጥፉ፤ «ትኩሳቱ በረደ» ብለው በ4ኛው ቀን አይዘናጉ። አቅሙ ካለ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ይግዙ፣ ከዚያም እናትዎ ጤነኛ ሳሉ ለሁለት ሦስት ቀን ለክተው ይጻፉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያነብ ብርቅ አይደለም። በባሕር ዳርቻ አገሮች የወጣውን «ከ95 በታች» የሚል መመሪያ እንዳለ ከወሰዱት በከንቱ ይደነግጣሉ። የእናትዎን የጤና ጊዜ ቁጥር የማያውቁ ከሆነ ግን ዝቅ ያለን ቁጥር በከፍታው አያመካኙ።

ሲለኩ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ይረፉ፣ እጃቸው ይሙቅ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ይረፍ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። እንሶስላ፣ ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ያለበት ጣት ትክክል ላያነብ ስለሚችል ሌላ ጣት ይፈልጉ። መስታወቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ኤስፒኦ2 (SpO2) የሚለው ኦክስጅን ነው፣ ሌላው የልብ ምት ነው። የልብ ምቱን 98 አይተው ተጽናንተው የሚቀመጡ ቤተሰቦች አሉ። ከጤና ጊዜ ቁጥራቸው 3 እና ከዚያ በላይ ወርዶ፣ ደግመው ሲለኩም ያው ከሆነ፣ የዚያኑ ቀን ይታዩ። ቁጭ ብለው ደኅና የሚመስሉ ሰዎች አሉና 40 እርምጃ ደልዳላ ቦታ ላይ አራምደው ወዲያው ይለኩ፤ በ3 ከወረደ ሳንባው ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ከ90 በታች ከሆነ ሰዓት አያባክኑ። መሣሪያው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ደረታቸውን ካፈናቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም መቀባዠር ከጀመሩ ቁጥሩ ምንም ይበል ይውሰዷቸው። 8335 ወይም 952 ደውለው የት እንደሚወስዷቸው ይጠይቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ዕድሜያቸውን፣ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ የኦክስጅኑን ቁጥርና የመድኃኒቶቻቸውን ስም በአንድ ወረቀት ጽፈው ከጤና ካርዳቸው ጋር ከአሁኑ ያዘጋጁ።

በ2014 ዓ.ም. መመሪያ ሁለተኛው የአስትራዜኒካ ክትባት ከመጀመሪያው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጣል። ጊዜው ካለፈም እንደገና መጀመር አያስፈልግም፤ ሁለተኛውን ብቻ ይወስዳሉ። በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ በነጻ ነው፤ ስኳርና ግፊት መኖሩ ክትባቱን የሚያስቀድም እንጂ የሚከለክል ምክንያት አይደለም። ጥሩ መከላከያ የሚሰጠው ከተወጉ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ነገ ዛሬ አይበሉ።

ለምርመራ የሚሻለው ምልክቱ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ነው። ፈጣኑ የአንቲጂን ምርመራ «አለ» ካለ ይመኑት፤ «የለም» ካለና ምልክቱ ካለ ግን ከሰው ተለይተው ይቆዩና ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይድገሙት፣ ወይም ፒሲአር የሚባለውን የላቦራቶሪ ምርመራ ይሠሩ። በ2014 ዓ.ም. መመሪያ የታመመው ሰው ከለይቶ ማቆያው የሚወጣው ምልክቱ ከጀመረ 10 ቀን ሲሞላውና ከዚያም በላይ ቢያንስ ሦስት ቀን ያለ ትኩሳትና ያለ መተንፈስ ችግር ሲያሳልፍ ነው። ለመውጣት ፒሲአር ማሠራት አያስፈልግም፤ የሞተ ቫይረስ ቅሪት ለሳምንታት «አለ» ሊያሰኘው ይችላል። አሠሪ «ነጻ ነህ የሚል ወረቀት አምጣ» ካለ የቀኑን ስሌት የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ከጤና ጣቢያው ይጠይቁ።