መድኃኒቱ ተከፍሎለት፣ ማን ይስጠው?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ በመድኃኒት ቤት ባለሙያነት እሠራለሁ። ሜልበርን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከሄሮይን ሱስ ለመላቀቅ ለዓመታት ሜታዶን (ከሄሮይን ጋር አንድ ወገን የሆነ፣ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት) ሲወስድ ቆይቷል። የመድኃኒቱን ዋጋ መንግሥት ይሸፍን እንደነበር፣ እሱ ግን ወጪው የቀለለለት እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ መሆኑን አጫወተኝ። መንግሥት ከከፈለ እሱ የሚከፍለው ምን ነበር? ደግሞስ አንዱን ሱስ በሌላ ለመተካት የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልነሣ። ሜታዶን በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ በመሆኑ፣ መጠኑ በሐኪም ተስተካክሎ በቀን አንድ ጊዜ ሲሰጥ ታካሚው ሳይሰክርም ሳይታመምም ሥራው ላይ እንዲውል ያስችለዋል፤ በየጥቂት ሰዓቱ ሄሮይን ፍለጋ ከመባዘን ጋር አንድ አድርጎ ማየቱ ስሕተት ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2005 ሜታዶንንና ለዚሁ ሕክምና የሚውለውን ሌላ መድኃኒት ቡፕሬኖርፊንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ በአውስትራሊያ አንድ መድኃኒት በመንግሥት ድጎማ እንዲሸፈን የሚፈቀደው ገለልተኛ የባለሙያዎች ኮሚቴ ጥቅሙንና ዋጋውን ካሉት ሕክምናዎች ጋር አነጻጽሮ ሲደግፈው ነው። የሜታዶንን ዋጋ መንግሥት መሸፈን ከጀመረ ቆይቷል። ነገር ግን መድኃኒቱ በባለሙያ ፊት የሚወሰድ በመሆኑ፣ ለዚያ አገልግሎት መድኃኒት ቤቱ ራሱ የተመነውን ክፍያ ከታካሚው ይቀበል ነበር፤ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ይህ ተጠራቅሞ ቀላል አይሆንም። ከሐምሌ 1 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን እንደ ሌሎች መድኃኒቶች ሁሉ እስከ 28 ቀን ለሚሆን መጠን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በወቅቱ ተመን 30 ዶላር፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ደግሞ 7 ዶላር ከ30 ሳንቲም እንዲከፍል ተወሰነ። የአክስትዎ ልጅ የሚከፍለው እንግዲህ የመስጫውን ዋጋ ነበር።

የእንግሊዙ የጤና ምዘና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ሜታዶንና ቡፕሬኖርፊን ለታካሚው እኩል የሚስማሙ ከሆነ ሜታዶን እንዲቀድም ሲመክር ዋጋንም ከግምት አስገብቶ ነበር። እኔ ግን፣ በቢሮ የተሰላው የጠርሙስ ዋጋ ብቻውን ጎዶሎ ነው እላለሁ። በወር አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጠው ቡፕሬኖርፊን ዋጋው ቢበዛም የዕለት ምልልስን ያስቀራል። ከቱላ እየተነሣ ዕለት በዕለት ሐዋሳ መሐል መምጣት ያለበት ታካሚ ቢኖርዎ፣ ከመድኃኒቱ ዋጋ አስቀድሞ የሚጠይቅዎ የባጃጁን ነው።