ዝልፍልፍ ይላል የተባለው ድመት

እትዬ፣ ሰላም ነዎት? ትዕግስቴ አልቆ ነው የምጽፈው።

የዛሬ ሰባት ወር ራግዶል የሚባለውን ባለ ረጅም ፀጉር ድመት ገዛሁ። በርካሽ እንዳይመስልዎት። ሻጯ «ስታቅፊው እንደ ጨርቅ አሻንጉሊት ዝልፍልፍ ይላል፣ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው፣ መቧጨር አያውቅም» አለችኝ። መጀመሪያ እውነቷን ነበር። ከክፍል ክፍል ይከተለኛል፣ መታጠቢያ ቤት ስገባ እንኳ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፣ በዚያ ሰማያዊ ዓይኑ ሽቅብ ሲያየኝ አንጀቴን ይበላው ነበር።

አሁን ሌላ ድመት ሆኗል። ላነሳው ስል ያጉረመርማል። ባለፈው ሳምንት ልጄን ቧጨራት፤ እሷም እንደኔ ብብቱን ይዛ ልታነሳው ስትል ነው። ባለቤቴ ይስቅብኛል። እኔ ተታለልኩ እያልኩ እበግናለሁ። ዘሩ ንጹሕ አይደለም ይሆን? ማበጠሩንም ትቼዋለሁ፤ እሱ አይወድም፣ ሻጯም ፀጉሩ አይቋጠርም ብላኛለች። ብብቱ ስር ጠጠር ጠጠር የሚል ነገር አለ እንጂ ላዩ አሁንም ያምራል። ብቻ... ብመልሰው ክፉ ሰው እሆናለሁ?

ተታላይዋ

የኔ ልጅ፣

ዘሩን ተዪው። ያቺን «ጠጠር ጠጠር» ያልሻትን አምጫት። ተጠላልፎ የጠነከረ ፀጉር ነው የሚመስለኝ። ቆዳውን ወጥሮ ይይዘዋል፣ በተራመደ ቁጥር ይጎትተዋል፣ እናንተ ደግሞ እናትና ልጅ እየተፈራረቃችሁ በዚያው በብብቱ ታንጠለጥሉታላችሁ! አንቺን በፀጉርሽ የሚያነሳ ቢመጣ ዝም ትያለሽ?

ይሄ ስም ነው ጉዱ። ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመሩት አን ቤከር፣ ድመቶቼ ሕመም አይሰማቸውም እስከማለት ደርሰው ነበር። ውሸት ነው። ያማቸዋል፣ እንደውም ድመት ሕመሙን ደብቆ የሚኖር ፍጥረት ነው። ያንቺው ቢያንስ ነግሮሻል።

ሻጯም ቢሆን ግማሹን ነው የነገረችሽ። የራግዶል የውስጥ ፀጉር ከሌላው ባለ ረጅም ፀጉር ዝርያ፣ ከፋርስ ድመት ስለሚሳሳ ቶሎ አይቋጠርም፤ ካልተበጠረ ግን ይቋጠራል፣ መጀመሪያ ብብት፣ ከዚያ ከጆሮ ጀርባና ሆዱ ላይ።

በመቀስ እንዳትነኪው! ቆዳው ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ስለሚነሳ ሥጋውን ትቆርጪዋለሽ። ውኃም አታስነኪው፣ ይብስ ይጠብቃል። የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ በማሽን ይላጩለታል፣ እግረ መንገዳቸውን እብጠት አለመሆኑንም ያዩልሻል። የተላጨው ቆዳ ሲሽር በብረት ማበጠሪያ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ አንዳንድ ደቂቃ ብቻ፣ እሱ ሳይሰለች አንቺ አቁሚ። ካሁኑ ካላለመድሽው ኋላ ጉድ ነው፤ ራግዶል አድጎ የሚጨርሰው ወደ 4 ዓመቱ ነው፣ ወንዱ 7 እና 8 ኪሎ ይደርሳል።

መመለሱን ጠየቅሽኝ። አዎ፣ ሳታስላጪው ብትመልሺው ክፉ ነሽ። ካስላጨሽው በኋላ ደግሞ የምትመልሺው አይመስለኝም።

ስታነሺው አንድ እጅሽ ደረቱ ስር፣ ሌላው መቀመጫው ስር ይሁን። ልጅሽንም አሳያት። ዝልፍልፍ ካላለ ግን እንዳትጽፊልኝ፤ ጤነኛ ሆኖም ጭራሽ የማይል ራግዶል ሞልቷል።