ፋሲካ አለፈ፣ ልጄ ግን ወደ ምግብ አልተመለሰችም

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጅ አለችኝ። በትምህርቷ ጎበዝ፣ በጠባይዋም የተመሰገነች ናት። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደ ወትሮው አብራን ጾመች፤ ሆኖም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የነበረውን ቆይታ እስከ ምሽት አራዘመችው፣ ዘይት የገባበትን ወጥም ተወች። ፋሲካ ዋለ፣ ዶሮው ተሠራ፣ እሷ ግን «ሆዴን አመመኝ» ብላ ከማዕዱ ተነሣች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ63 ሲሆን ክብደቷ ከ54 ኪሎ ወደ 43 ወርዷል። የወር አበባዋ ከቀረ አራተኛ ወሩ ነው። በአንድ ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጣት፣ ለውጥ የለም፤ የደም ምርመራዋም ደህና ነው ተባልን። ከዘመዶቻችን ከፊሉ ቡዳ ነው ይላል፣ ከፊሉ ደግሞ «ቀጠንሽ፣ አማረብሽ» ይላታል። እሷ ግን አሁንም ወፍራም ነኝ ባይ ናት። ይህ በሽታ ነው ወይስ መንፈሳዊ ትጋት? የትስ ልውሰዳት? አስገድጄ ላብላት ወይስ ልተዋት?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎን ሐኪም ሳያያት በደብዳቤ ብቻ የበሽታዋን ስም ቆርጦ መናገር ባይቻልም፣ የጻፉልን ምልክቶች በአንድነት ሲታዩ አኖሬክሲያ ነርቮሳ የተባለውን፣ ሰው መወፈርን አጥብቆ በመፍራት ምግብ የሚተውበትን የአመጋገብ ሕመም አጥብቀን እንድንጠረጥር ያደርጉናል። ጾም መግቢያና መፍቻ አለው፤ የሚጾም ሰው መፍቻውን በናፍቆት ይጠብቃል፣ ቀኑ ሲደርስም ተደስቶ ይበላል። በዚህ ሕመም የተያዘች ልጅ ግን የምትፈራው ያንኑ የመፍቻውን ቀን ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ላለመብላት ሌላ ሰበብ መፈለግ ይኖርባታል። ስለዚህ ጾሙ በሽታውን አመጣባት ከማለት፣ አለመብላት ማንንም በማያስገርምበት ወቅት በሽታው ተሸሸገበት ማለቱ ለእኔ ይበልጥ ያሳምነኛል። የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ ነፃ እንደሚሆን የንስሐ አባቷ ራሳቸው ቢነግሯት ከእርስዎ አንደበት ከሚሰማው ይልቅ ልትቀበለው ስለምትችል አስቀድመው ያማክሯቸው። ፀበል የምትወስድም ከሆነ ሕክምናዋን ሳታቋርጥና ባዶ ሆዷን ሳትውል ይሁን።

ከክብደቷ አንድ አምስተኛውን አጥታለች። ይህን ያህል የተራበ አካል ያለችውን ጉልበት ለመቆጠብ ሲል የልብ ምትን ያዘገያል፣ የደም ግፊትንና የሰውነት ሙቀትን ያወርዳል፣ የወር አበባንም ያቆማል። የወር አበባ የሚቆመው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ ሲሆን፣ አጥንት ሊጠነክር በሚገባው በዚህ ዕድሜ ያ ሆርሞን ሲጎድል የሚደርሰው የአጥንት መሳሳት በኋላ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ጉዳቱ አእምሮንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተራቡ ሰዎች እንዴት መመገብ እንዳለባቸው ለማወቅ ሲሉ፣ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወጣቶች ለስድስት ወር ያህል ከለመዱት ግማሽ ገደማ ብቻ እንዲመገቡ አደረጉ። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ የሚጠጋውን ሲያጡ ብርድ ብርድ አላቸው፣ ከሰው ሸሹ፣ ተናዳጅና ድብርታም ሆኑ፣ ሐሳባቸውም ንግግራቸውም ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ ምንም የአመጋገብ ሕመም አልነበረባቸውም። በልጅዎም ላይ የሚያዩት ግትርነትና ቁጣ ከጠባይዋ ሳይሆን ከረሃቡ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ «መጀመሪያ በምክር አሳምነን ከዚያ እናብላት» የሚለው አካሄድ ብዙ ጊዜ ወደኋላ የዞረ ነው፤ በቂ ምግብ ያላገኘ አእምሮ ምክርን ለመቀበል ይቸገራል።

የደም ምርመራዋ ደህና መባሉ ሊያዘናጋዎት አይገባም። ሰውነት የደሙን ይዘት አስተካክሎ ለማቆየት እስከ መጨረሻው ስለሚታገል፣ በጽኑ የታመሙ ልጆችም የደም ውጤታቸው ጤናማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ያለ ጫማ ይመዝናት፤ የልብ ምቷንና የደም ግፊቷን ተኝታም ቆማም፣ እንዲሁም የሰውነቷን ሙቀት ይለካ፤ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ኢ.ሲ.ጂ. ያንሣት፤ ከደሟም ስኳር፣ እንዲሁም ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ፎስፌት የተባሉት ማዕድናት ይታዩ። ቲቢ፣ በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሕመምና የስኳር በሽታም ሰውን የሚያከሱ ስለሆኑ ማጣራቱ ግድ ነው። ልጅቷ ብቻዋን ከሐኪሙ ጋር የምትነጋገርበት ጊዜም ያስፈልጋል፤ ከበላች በኋላ ሆን ብላ ታስመልስ እንደሆነ፣ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ትወስድ እንደሆነ በእናቷ ፊት ላትናገር ትችላለችና። እነዚህ ሁለት ልማዶች ፖታሲየምን በማውረድ የልብን ምት ያዛባሉ።

እርስዎ ባሉበት ከተማ ከሕፃናት ወይም ከውስጥ ደዌ ሐኪም ቢጀምሩና ከዚያ ወደ አእምሮ ሐኪም ቢሻገሩ ይመረጣል፤ በአማኑኤል፣ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። ወደ አእምሮ ሐኪም መሄድ ልጄን እብድ ያስብላታል ብለው ከሰጉ፣ እየባከነ ያለው ጊዜ ከሐሜቱ ይልቅ እንደሚጎዳት ያስቡ።

አስገድጄ ላብላት ወይስ ልተዋት ላሉት፣ ሁለቱም አይደለም። ለዚህ ዕድሜ ጥሩ ውጤት ያሳየው ሕክምና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው ቤተሰብን መሠረት ያደረገ ሕክምና ነው። በዚህ አካሄድ ወላጆች በበሽታው አይወቀሱም፤ ይልቁንም የምግቡን ኃላፊነት ለጊዜው ከልጅቷ ተረክበው፣ ምን፣ መቼና ምን ያህል እንደምትበላ እነሱ ይወስናሉ። ክብደቷ እየተመለሰ ሲሄድ ውሳኔውን ቀስ በቀስ ይመልሱላታል፣ በመጨረሻም በዕድሜዋ ስለሚገጥሟት ሌሎች ጉዳዮች ይነጋገራሉ። በተግባር ሲታይ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብና በመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መክሰስ ይቀርባል፤ ከወላጅ አንዱ ሳህኑ እስኪያልቅ አብሯት ይቀመጣል፤ ስለ ክብደትም ሆነ ስለ መልክ አይከራከርም። እጇን ይዞ በኃይል ማጉረስ የለም፤ ግን «ዛሬስ ይለፋት» ማለትም የለም። ይህ ከባድ ሥራ ስለሆነ አባትየው ወይም አክስት ተራ ቢያግዙዎት መልካም ነው፤ «ቀጠንሽ፣ አማረብሽ» የሚሏትን ግን ዛሬውኑ ያስቁሙልኝ።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ለብዙ ቀናት ምንም ያህል ሳትበላ ከቆየች በአንዴ አትረፍርፈው አያቅርቡላት። የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት በድንገት ወርዶ ልብና መተንፈሻን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ጅማሬው በሐኪም ክትትል፣ አስፈላጊ ከሆነም በሆስፒታል ተኝታ ይሁን። አኖሬክሲያን የሚፈውስ ኪኒን የለም። ፍሉኦክሰቲን የተባለው መድኃኒት የሚረዳው በአንዴ ብዙ እየበሉ በማስመለስ የሚታወቀውን ቡሊሚያ ነው፤ ክብደቷ በወረደ ልጅ ላይ ብዙም ውጤት አያሳይም። ሕክምናው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል፤ ቶሎ የጀመሩ ወጣቶች የመዳን ዕድላቸው የተሻለ ነው።

ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት፣ ቀን ነቅታ ሳለ የልብ ምቷ በደቂቃ ከ50 በታች ከሆነ፣ ምግብም ውኃም እምቢ ካለች ወይም መኖር እንደሰለቻት ከተናገረች ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። የመጨረሻውን እሷ እስክትናገር አይጠብቁ፤ ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በውስጧ አይዘራም።