«ደነዘዝክ» የተባለው በረኛ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አዘጋጆች። ዕድሜዬ 19 ነው፤ አዳማ ውስጥ ለሰፈራችን ቡድን በረኛ ነኝ። ባለፈው በፍፁም ቅጣት ምት ተሸንፈን ወጣን። አምስቱም ገቡብኝ፣ አንዱን እንኳ በጣቴ አልነካሁም። አሰልጣኜም «ደነዘዝክ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቀለም ሲቀየር ቶሎ ስክሪን የሚያስነካ ጌም ስልኬ ላይ ጭኜ ሌሊት ሌሊት እለማመዳለሁ። መጀመሪያ 310 ሚሊ ሰከንድ ነበርኩ፣ አሁን 260 ደርሻለሁ። ሜዳ ላይ ግን ያው ነኝ። ፍጥነት በልምምድ ይመጣል ወይስ ተፈጥሮ ነው?
(የሰፈር በረኛ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጌሙን አጥፋው። ያቺን 50 ሚሊ ሰከንድ የቀነስከው ጌሙን ስለለመድከው ነው። ስልኩ ራሱም ንክኪህን እስኪመዘግብ ትንሽ ይዘገያል፤ ቁጥሩን ብዙ አትመነው። ራስህን መለካት ካማረህ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ይበቃሃል። ጓደኛህ ከላይ ይያዘው፣ አንተ ዜሮው ጋ አውራ ጣትህንና ሌባ ጣትህን ሳታስነካ ከፍተህ ጠብቅ፣ ሳይነግርህ ይልቀቀው። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዝከው 0.2 ሰከንድ ገደማ ወስዶብሃል፤ 15 ላይ ከሆነ 0.17። ከጓደኞችህ ብዙም አትለይም ብዬ እወራረዳለሁ።

አሁን ሂሳቡን እንስራ። ኳሱ ያለው 11 ሜትር ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ምት ጎል መስመሩ ላይ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ነው የሚፈጅበት። ከዚህ ላይ ግማሹ ዓይንህ አይቶ፣ አእምሮህ ወስኖ፣ ጡንቻህ «እሺ» እስኪል ያልቃል። መሃል ላይ ቆመህ ቋሚው 3.66 ሜትር ይርቅሃል። በቀረችው 0.2 ሰከንድ ተወርውረህ ጥግ ልትደርስ? አትደርስም፣ ማንም አይደርስም።

ታዲያ ሌሎቹ እንዴት ያድናሉ? ኳሱ ከመመታቱ በፊት ስለሚጀምሩ ነዋ። ጥሩ በረኛ የሚያየው የመቺውን ሰውነት ነው። ከኳሱ ጎን የሚተከለውን እግር እይ፤ የጫማው አፍንጫ ወደየት እንደዞረ ብዙ ጊዜ የኳሱን አቅጣጫ ይነግርሃል። ዳሌውንም እይ። ይሄ ሁሉ የሚታየው በመጨረሻዋ እርምጃ ላይ ስለሆነ ገና መንደርደር ሲጀምር አንድ ጎን መርጠህ አትውደቅ፤ አንዳንዱ ጮሌ አንተ ስትወድቅ አይቶ ነው በሌላው በኩል የሚያስገባልህ። (እኔ በጊዜዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምወረወረው፣ ውጤቱን አልነግርህም።)

ስልኩን ለዚህ ተጠቀምበት። ከጎሉ ጀርባ ሆኖ የቡድን ጓደኞችህን ሲመቱ የሚቀርፅ ሰው ፈልግ። ማታ ላይ ቪዲዮውን እየከፈትክ እግሩ መሬት ሲነካ ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ «ግራ» ወይም «ቀኝ» በል፣ ከዚያ ልቀቀው። መጀመሪያ ላይ ትሳሳታለህ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ያው እግር ሜዳ ላይ ራሱ ያወራሃል። ጥሬው ፍጥነት ብዙ አይለወጥም፣ ማንበቡ ግን ይለመዳል።

ደግሞ ተኛ እንጂ! እንቅልፍ ያጣ ሰው ምላሹ ይዘገያል፣ አንተ ደግሞ ለመፍጠን ብለህ ነው ሌሊቱን ስልክ ላይ የምታድረው።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ክርክር ተነስቶ አልበረደም። አንድ ሯጭ ሽጉጡ ከተተኮሰ በኋላ ተነስቶ እንዴት «ቀድመሃል» ተብሎ ይባረራል?
(ከደሴ)

መልስ፦ ይባረራል። በ2022 ዩጂን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የ110 ሜትር መሰናክል ፍፃሜ ላይ አሜሪካዊው ዴቨን አለን የተነሳው ከተኩሱ 0.099 ሰከንድ በኋላ ነበር። ወሰኑ 0.100 ነው። በአንድ ሺኛ ሰከንድ፣ ያውም በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት፣ ከውድድር ወጣ። የሕጉ ሐሳብ «ሰው ድምፅ ሰምቶ ከ0.1 ሰከንድ በታች መንቀሳቀስ አይችልም፣ ከተንቀሳቀሰ ገምቶ ነው» የሚል ነው። ለእኔ በአንድ ሺኛ ሰው ማባረር ጭካኔ ነው፤ ግን አንድ ቦታ ላይ መስመር መሰመር አለበት። ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትሩን በ9.58 ሰከንድ ሲሮጥ እንኳ ለመነሳት 0.146 ወስዶበታል። በ2011 ዴጉ ላይ ግን ከተኩሱ በፊት ተነስቶ እሱም ተባረረ።

መነሻ ብሎኩ የእግርን ግፊት ይለካል፤ ድምፁም ከእያንዳንዱ ሯጭ ጀርባ ባለ ስፒከር ነው የሚወጣው፤ አለበለዚያ ከተኳሹ ርቆ ያለው ሯጭ ዘግይቶ ይሰማ ነበር።

በእኛ በ10 ሺህ ሜትር ማን ቀድሞ ተነሳ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ ላይ ግን ኃይሌ ኬንያዊውን ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፣ ያውም ከ27 ደቂቃ በላይ ሮጠው፤ ከአለን 0.099 እንኳ ታንሳለች። 250 ሜትር ገደማ ሲቀር ቴርጋት ሲፈተለክ ኃይሌ ትንሽ አመንትቶ ቢሆን ኖሮ ወርቁ ናይሮቢ ነበር የሚገባው።