ስንዴውን በስልክ አታስቁሙ፦ ቤተሰቡ ውስጥ ሴሊያክ ለተገኘበት ዲያስፖራ

ሴሊያክ፣ ስንዴና ገብስ የሚያስከለክለው የአንጀት ሕመም፣ ቤታችሁ ውስጥ ተገኝቶ ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ሰበታ ወላጆቻችሁ ዘንድ ስትገቡ ሻንጣችሁ ሲከፈት እያየሁ እናደዳለሁ። ግማሹ ከግሉተን ነጻ ብስኩት፣ ግማሹ ከግሉተን ነጻ ፓስታ። ጤፍ ለሚበቅልበት አገር! ብስኩቱ በሁለት ሳምንት ያልቃል። እናታችሁ ከዚያ በኋላ ከሱቅ የሚመጣውን ቅይጥ እንጀራ መብላት ይቀጥላሉ፣ እናንተም እዚያ ሆናችሁ «እናቴ እኮ ስንዴ አትነካም» ትላላችሁ።

ከጥፋቱ ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እኔም ምርመራ ሳይቀድም በስልክ «ስንዴ አቁሙ» ካሉት አንዱ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

1. ወረቀት

የውጭውን የምርመራ ውጤትና የሐኪሙን ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

2. ምርመራው ከምግቡ ይቀድማል

ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። ግሉተን የሚባለው የስንዴ፣ የገብስና የራይ (ስንዴ መሰል እህል ነው) ፕሮቲን ሲገባ የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን የሚያጠቃበት የዕድሜ ልክ ሕመም ነው። የትንሹ አንጀት ምግብ መምጠጫ ሽፋን ይላጫል፤ ብረት፣ ፎሌት፣ ካልሲየም በአግባቡ አይገባም። ስለዚህ ተቅማጥ ላይኖር ይችላል። ያለው በብረት ክኒን አልነሳ ያለ የደም ማነስ፣ የማያድግ ልጅ፣ የሚሳሳ አጥንት፣ ተደጋጋሚ ውርጃ፣ ወይም ክርንና ጉልበት ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊሆን ይችላል። እዚህ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ጊዜ አሜባ፣ አንድ ጊዜ ታይፎይድ፣ አንድ ጊዜ ጨጓራ እየተባለ መድኃኒት ሲውጥ ዓመታት ያልፋሉ።

ለእናንተ ወይም ለልጃችሁ ሴሊያክ ከተባለ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህትና ልጆች ሁሉ ይመርመሩ። ከቅርብ የሥጋ ዘመድ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ይኖርበታል፤ ብዙዎቹም ምንም አይሰማቸውም። አንደኛው ዓይነት ስኳር ወይም ከሰውነት መከላከያ የሚመጣ የታይሮይድ ሕመም ያለበት ዘመድ ካለ እሱን አስቀድሙ።

አሁን ዋናው። የደም ምርመራው የሚለካው ሰውነት በግሉተን ላይ የሚያወጣውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ግሉተን ካልተበላ ቁጥሩ ይወርዳል፣ አንጀቱም ማገገም ይጀምራል፣ ውጤቱም «ነጻ ነህ» ይላል። በስልክ የሰጣችሁት ትእዛዝ የሚያበላሸው ይህን ነው። ያቆመ ሰው እንደገና ጀምሮ ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ስንዴ ወይም ገብስ መብላት አለበት። ሲበላ ክፉኛ የሚታመም ከሆነ ወይም ሕፃን ከሆነ ግን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይሞከርም።

አንድ የኛ አገር ወጥመድ አለ፤ የውጭ ሐኪም ልብ አይለውም። ንጹህ የጤፍ እንጀራ በቀን ሦስት ጊዜ የሚበላ፣ ዳቦ የማይወድ ሰው ማንም ሳያዘው ከግሉተን ርቆ ኖሯል። እሱን ድንገት ወስዳችሁ ብታስመረምሩት «የለበትም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ የነበረውን አመጋገብ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካስፈለገ ከምርመራው በፊት ዳቦው በየቀኑ ይበላ።

የሚታዘዘው ሁለት ነገር ነው፦ ቲቲጂ አይጂኤ (ከላይ ያልኩት ፀረ እንግዳ አካል) እና ጠቅላላ አይጂኤ (የዚህ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ በጠቅላላው ያለው መጠን)። ሁለተኛውን አትዝለሉት። ሴሊያክ ካለባቸው ሰዎች ከ100 ሁለት ሦስቱ አይጂኤ የሚባለው ራሱ ይጎድላቸዋል፤ ያኔ የመጀመሪያው ቁጥር ዝቅ ማለቱ ምንም አይናገርም፣ አይጂጂ በሚባለው ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ምርመራ ይታዘዛል። አዲስ አበባ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ላብራቶሪው ደውሉ፦ እዚያው ይሠራል ወይስ ናሙናው ወደ ሌላ ቦታ ይላካል? ውጤቱ በስንት ቀን ይደርሳል? የመመለሻ ትኬታችሁን በዚያ ለኩ።

ደሙ ካመለከተ አዋቂ ሰው ኢንዶስኮፒ ያስፈልገዋል። እዚህ ብዙ ጊዜ ኢንዶስኮፒ የሚታዘዘው ለጨጓራ ስለሆነ ናሙና ከጨጓራ ብቻ ተወስዶ ሊወጣ ይችላል። ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት፦ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ከዱዎዲነም፣ ከ4 የማያንስ ናሙና፣ ከጨጓራ እንደተወጣ ካለው ከዱዎዲነሙ መነሻ (በልብ ከሚባለው) ደግሞ አንድ ሁለት። ጉዳቱ ጠቃጠቆ ስለሆነ አንድ ቁራጭ ሊያመልጠው ይችላል። በተቃራኒውም ጃርዲያን የመሳሰለ ሌላ ሕመም የአንጀቱን ሽፋን ሊያላጭ ስለሚችል፣ በናሙና ብቻ ያለ ደም ምርመራ «ሴሊያክ ነው» የሚል ፍርድ አትቀበሉ። ሰገራም ይታይ።

የዘር ምርመራው፣ ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 የሚባለው፣ የሚጠቅመው ለማስወገድ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ሴሊያክ የለም ማለት ይቻላል። ካሉ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ በአውሮፓ ከሕዝቡ 30 እስከ 40 በመቶው ይዞት ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። በፖስታ የምታዙት «ሰውነትህ የማይስማማው ምግብ» የሚለው የአይጂጂ ኪት ደግሞ ሴሊያክን አይለይም። ለእሱ የምትከፍሉት ብር ሁለቱን ትክክለኛ ምርመራ ባሠራ ነበር!

3. እንጀራው

ውጤቱ «አለ» ካለ ሕክምናው አንድ ነው፤ ግሉተን ዕድሜ ልክ ይቆማል። «ትንሽ ምን ያደርጋል» የሚል አማች አይጠፋም፤ ለእሱ ቁጥር ንገሩት። አንዲት ቁራሽ ዳቦ 2 ግራም ገደማ ግሉተን አላት። በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም ለ3 ወር የወሰዱ ሕመምተኞች አንጀታቸው እንደተጎዳ በጥናት ታይቷል። ያ የቁራሿ አርባኛ እጅ ነው። በውጭ አገር ከግሉተን ነጻ የሚል ምልክት የሚሰጠውም በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም ላልበለጠ ነው።

ጤፍ ግሉተን የለውም። «እኛ እንጀራ በላተኞች ነን፣ አይመለከተንም» ያላችሁት በዚህ ተማምናችሁ ነው፤ ግን ጤፍና እንጀራ አንድ ነገር አይደሉም። እዚያ የምትበሉት እንጀራ ውስጥ ስንዴ፣ ገብስ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት (እሱም የስንዴ ነው) መኖሩን ፓኬቱን ገልብጣችሁ አንብቡ። እዚህም ጤፉ ሲወደድ ጋጋሪው ይቀይጣል። ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ ቢቀየጥ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ስንዴና ገብስ ነው። ሻጯን ብትጠይቋት ላትዋሽ ትችላለች፤ ዱቄቱን ያመጣላት ሌላ ሰው ነዋ። ምግብ ቤት በያይነቱ ስታዙም እንጀራው ከውጭ የተገዛ ስለሆነ አስተናጋጁ አያውቅም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ይጋገር፤ ብራችሁም እዚህ ይዋል።

ጤፉ በፍሬው ይገዛ፣ ዱቄቱ አይገዛ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የስንዴና የገብስ ፍሬ ከ5 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በጠባብ ወንፊት ሁለት ጊዜ ሲነፋ ጤፉ ይወርዳል፣ ከአውድማ ወይም ከጆንያ የተቀላቀለው ስንዴ ከላይ ይቀራል። ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን ማንም በዓይኑ አይለየውም። ጆንያውም ስንዴ ያልነካው አዲስ ይሁን።

ወፍጮ ቤት ሁለተኛው ጉድ ነው። ከእናንተ በፊት ስንዴ ወይም በሶ ከተፈጨ ድንጋዩና መውረጃው ውስጥ የቀረው ወደ ጤፋችሁ ይገባል። ማልዶ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ የትናንቱ ስንዴ እዚያው አድሯል። ቢያንስ 5 ኪሎ በቆሎ ወይም ጤፍ አስቀድማችሁ አስፈጩና ለጎረቤት ስጡ፤ ከዚያ የእናንተው ይግባ። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ለሁለት ሻንጣ ብስኩትና ለትርፍ ኪሎ የምትከፍሉትን አስቡና አነስተኛ የቤት ወፍጮ አምጡ። ሁለት ነገር ግን እዩ፦ ጤፍን የሚያህል ደቃቅ ፍሬ የሚፈጭ መሆኑን፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ፍሬውን እንዳለ ያሳልፈዋል፤ ሁለተኛ በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑን። ከአሜሪካ ያለ መቀየሪያ የመጣ ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ሲቃጠል ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እርሾውን ከጎረቤት አትበደሩ። ከገብስ ወይም ከስንዴ ሊጥ የመጣ እርሾ ጣጣውን ይዞ ይመጣል። በአዲስ ይጀመር፦ አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት በአንድ ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ተቦክቶ ተከድኖ ይቀመጥ። ሱሉልታና እንጦጦ ጀርባ ብርዱ ስለሚያዘገየው እስከ 4 ቀን ሊቆይ ይችላል። የጠለለው ውሃ ይደፋ፣ አብሲት ይጣል፣ ኩፍ ሲል ይጋገር፣ ከታች የቀረው ለቀጣዩ እርሾ ይያዝ። የመጀመሪያው ጋገራ ዓይን ባያወጣ እናታችሁ «ተበላሸ» ብለው ከጎረቤት እርሾ ሊያስመጡ ይነሳሉ። እንዲታገሡ ለምኗቸው፤ በሁለተኛው በሦስተኛው ይስተካከላል።

የሸክላ ምጣድ ይመጥጣል፣ ታጥቦም አይጠራም። ስንዴና ገብስ ሲጋገርበት የኖረ ከሆነ አዲስ ይገዛ፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ሸክላውን ብቻ ማስቀየር ይቻላል። ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ ቡሃቃው፣ መሶቡ ሁሉ ለብቻ። የስፌት ዕቃ በየስንጥቁ ዱቄት ይይዛል።

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ የሚብሰው። በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጤፍ ሲወደድ ቤተሰቡ ወደ ዳቦና ማካሮኒ ይዞራል። ለታማሚው ለብቻው ጥቂት ይጋገርለትና መሶቡ ውስጥ ከሌላው ጋር ይደባለቃል፤ እሱም ቤቱን ላለማስቸገር ዝም ብሎ ይበላል። አንድ አዋቂ በቀን 300 ግራም ዱቄት ቢያስፈልገው በዓመት 110 ኪሎ ገደማ ነው። ለአምስት ሰው ቤት አምስት ኩንታል ተኩል። ይህን በየወሩ በችርቻሮ ከማስገዛት አዝመራው ተወቅቶ ገበያው ሲረጋጋ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ በአንድ ጊዜ ግዙላቸው። ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለቤቱ በሙሉ፤ ያኔ ምጣዱም መሶቡም አንድ ይሆናል፣ ትሪ ሲቀርብም ማንም ለብቻው አይቀመጥም። የግድ ማኛ መሆን የለበትም፤ ሰርገኛም ያው ጤፍ ነው። ለሠርግ ድንኳን የምትልኩትን ግማሽ እንኳ ለዚህ አዋሉት ቢባል በወሬ ደረጃ ሰምቼ አላውቅም!

4. ሌላው ማዕድ

ስንዴና ገብስ በስማቸው ብቻ አይመጡም። ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ገንፎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሳምቡሳ፣ አምባሻ፣ ቅሪቦ፣ ስንዴ ያለበት ንፍሮ፣ የገብስ ቆሎ። ጠላና ቢራ የገብስ ብቅል አለባቸው። «አጃ» የሚለው ስም በተለይ ያሳስታል፤ በገጠር አጃ የሚባለው የስንዴ ዘመድ ሆኖ ግሉተን ሲኖረው፣ በሱቅ ፓኬት አጃ የሚባለው ሌላ እህል ነው፤ እሱም ከግሉተን ነጻ የሚል ምልክት ከሌለው ከስንዴ ጋር ተነካክቷል ብላችሁ ቁጠሩት። ሽሮና በርበሬ ከተዘጋጀ አትግዙ፤ በቤት ተለቅሞ፣ ከበሶ በኋላ ባልሠራ ወፍጮ ይፈጭ። ወደ ውጭ የምትጭኑትም ቢሆን።

ቡላ፣ ቆጮ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ፈንዲሻ አይጎዱም። ዳቦ የቆረሰ እጅ ሲያጎርስ ግን ጉርሻውም ይጎዳል፤ እጅ ይታጠብ። ቅዱስ ቁርባንን በተመለከተ የነፍስ አባትን ሳይደብቁ ማነጋገር ነው፤ በዚህ ላይ ከሩቅ ሆናችሁ ፍርድ አትስጡ።

5. ክትትል

ቲቲጂው በ6ኛው ወርና በ12ኛው ወር ይደገም፣ ከዚያ በየዓመቱ። ካልወረደ ከሆድ ዕቃው በፊት ምጣዱንና ወፍጮውን መርምሩ። ብረት፣ ፎሌት፣ ቢ 12 እና ቫይታሚን ዲ መጀመሪያ ላይ ይለኩ፤ ለአዋቂ የአጥንት ጥንካሬም ይታይለት። ወተት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሆድ ቢነፋ አትደንግጡ፤ አንጀቱ ሲያገግም ብዙ ጊዜ ይለቃል።