ጃፓ «ድግምት» ነው? ቬጀቴሪያንስ «ጾመኛ» ይባላል?

ዱባይ የምትሰራ እህታችን እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ «ክፍል የምትጋራኝ ህንዳዊት ሀሬ ክሪሽና ናት፣ ክሪሽና የሚባለውን የሂንዱ አምላክ ከሚያመልኩት። ስለ እምነቷ የምትነግረኝን ለሀገር ቤት ጓደኞቼ በቮይስ ሳወራ፣ ሥጋ ስለማትበላ ‹ጾመኛ ናት› አልኳቸው፣ ጠዋት ጠዋት በመቁጠሪያ የምትለውን ደግሞ ‹ድግምት› ስላቸው ደነገጡብኝ። ምን ማለት ነበረብኝ?»

እህቴ፣ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ከድግምቱ ልጀምር እሱ ነው የሚጣፍጠው። ደገመ መልሶ አለ ማለት ነው አይደል፣ እና «ዳዊት ይደግማል» ስትይ ሰውየው ጸሎተኛ ነው፣ «ደገመበት» ስትይ ግን ያው ሰውዬ ጠንቋይ ሆኖ ቁጭ! ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው አንዲት «-በት» ናት። ድግምት የሚለው ስም ደግሞ ጭራሽ ወደ አስማቱ ጠቅልሎ ስለገባ ለጸሎት አይሆንም፣ ግሱን ግን ምንም አልነካውም። የጓደኛሽ ነገር ጃፓ ይባላል፣ 108 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ይዛ በየፍሬው 16 ቃል ያላትን ማንትራ (እየደጋገሙ የሚሏት የጸሎት ቃል ናት) ዝቅ ባለ ድምፅ ትላለች፣ በመምህር እጅ ቃል የገቡት በቀን 16 ዙር ስለሚሉ 1,728 ጊዜ ይሆናል። እኛ ጋ 41 ኪርያላይሶን የሚቆጥረውን ሰው ድግምት ላይ ነው አንልም እኮ። «ማንትራዋን ትደግማለች» በያቸው፣ አለቀ።

በጋራ ሆነው በከበሮና በትንንሽ ጸናጽል የሚሉት ግን ሌላ ነው፣ ኪርታን ነው፣ አንዱ ያወርዳል ሌላው ይቀበላል፣ ቤንጋል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1486 የተወለደው የሃይማኖት መምህር ቻይታንያ ነው በየአደባባዩ ያስለመደው። ዝማሬ ብትይው ያስኬዳል፣ ዘፈን ግን አይባልም።

ወደ ጾመኛው ስንመጣ፣ የኛ ጾም ቀን አለው ይገባል ይፈታል፣ የሷ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው ምክንያቱም መነሻው አሂምሳ ነው፣ ነፍስ ያለውን አለመጉዳት። ደሞ ሳህኑም አይገጥምም። ረቡዕ ቀን እርጎ ብትሰጫት ደስ ብሏት ትጠጣለች፣ በቀይ ሽንኩርት ያቁላላሽውን የጾም ሽሮ ግን አትነካልሽም፣ እነሱ ጋ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ክልክል ነው፣ ወተትና ንጥር ቅቤ ግን የተወደደ ነው። (ሁሉም ሂንዱ እንደዚህ እንዳይመስልሽ፣ የቤንጋል ብራህሚኖች ዓሣ ይበላሉ።) ይልቅ የራሷ ጾም አላት፣ ኤካዳሺ ይባላል፣ «አስራ አንደኛ» ማለት ነው፣ ጨረቃ ከተወለደችም ከሞላችም በኋላ በ11ኛው ቀን እህልና ጥራጥሬ አትቀምስም። ጾመኛ የሚለውን ለዛ ቀን አስቀምጪው፣ አለበለዚያ ያን ቀን ምን ልትያት ነው?

«አትክልት በል» የሚሉም አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ ሥጋ በል ሣር በል የሚባለው ለአውሬና ለከብት ስለሆነ ልጅቷን ሜዳ ላይ የምትግጥ ያስመስላታል። «ሥጋ አትበላም» ካልሽ እንቁላሉንና ዓሣውን ጨምሪበት፣ ወይ ቬጀቴሪያን በያት ሁሉም ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ለክሪሽና አቅርባ የምታካፍልሽን ምግብ «መስዋዕት» እንዳትይው፣ መስዋዕት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የታረደ በግ ነው። ስሙ ፕራሳድ ነው፣ ጸጋ እንደማለት፣ ነገሩ ከኛ ጠበል ጠዲቅ ብዙም አይርቅም፣ ቃሉን ግን እንዳለ ፕራሳድ ብለሽ ተይው።