መልስ፦ የሞዴል ባቡርህ ጎማ ዳገት ላይ ባለበት ለሚሽከረከርብህ
ሞተሩ ደህና ነው አትቀይረው። ሜዳ ላይ 8 ፉርጎ የሚጎትት ኤን ስኬል (በጣም ትንሽ የሞዴል መጠን) ባቡር ዳገት ላይ ቆሞ ጎማው ብቻ ከዞረ ሀዲዱን መቆንጠጥ አቅቶታል ማለት ነው፣ ዳገትህም በዝቷል፤ በ1 ሜትር 4 ሳንቲም ስትወጣ 4% ነው፣ ወደ 2% ብታወርደው ዳገቱ ወደ ኋላ የሚስብበት ኃይል በግማሽ ይቀንስልሃል።

አንዱ ሀዲድ በሌላው ላይ ለማለፍ 5 ሳንቲም መውጣት አለበት፣ ዳገቱን ለማርዘም ግን ቦታ የለኝም ብለሃል። እንግዲያው 5 ሳንቲሟን በአንዱ ሀዲድ ብቻ አትውጣት፣ የላዩን 2.5 አንሳ የታችኛውን 2.5 አውርድ፣ ያው ያሁኑ 125 ሳንቲም ርዝመት ይበቃሃል። ዳገቱ ላይ ጠባብ ኩርባ ካለ ግን እሱንም እንደ ተጨማሪ ዳገት ቁጠረው።

ምንም ሳትነካካ በፊት ሀዲዱን በአልኮል ጥረግና ሞክር፣ ጎማው ላይ ላስቲክ ካለውና ካረጀ ቀይረው።

ክብደት እንዲሆነው የእርሳስ ብረት ልጨምርበት ላልከው፣ ትንሽ ጨምር ግን ተጠንቀቅ። እኔ ውስጡን እስኪሞላ ጠቅጥቄ መሽከርከሩ ቀረ ብዬ ስደሰት ሞተሩ ተቃጠለብኝ። ጭነት ሲበዛ ጎማው መንሸራተት አለበት፣ ካልተንሸራተተ ኤሌክትሪክ እየገባበት የሚቆመው ሞተሩ ነው።